የእድር መዝገብ ሌላ፣ የቀበሌ መዝገብ ሌላ

ከአዘዞ የጻፈችልን እህታችን ጥያቄዋ ባጭሩ ይህ ነው። ባለቤቷ ራሱን ካጠፋ ሦስት ሳምንት ሆነው። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡ ላይ «በገዛ እጁ የጠፋ» ብሎ ጻፈበት፤ ድንኳኑም ገንዘቡም ተከለከለ። የባሏ ወንድሞች ደግሞ «ቀበሌም ሄደን ስሙን አናስጠፋም» ብለው ሞቱ እስካሁን አልተመዘገበም። ሁለት ልጆች አሏት።

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ይህቺን ቃል እንኳ የነፈጉሽ እንዳሉ ከጽሑፍሽ ገብቶኛል።

ከሚያስቸኩለው ልጀምር። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ አንቺ የቀረሽ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ቢያልፍም ይመዘገባል፣ ምልልሱ ግን ይበዛል። የሞት ምስክር ወረቀት ሳይኖርሽ የልጆቹን የወራሽነት ማስረጃ ልታወጪ፣ ባንክ ያለውን ብር ልትጠይቂ፣ የጡረታ ጉዳይ ልታስጀምሪ ብትዪ በየመስኮቱ «ወረቀቱን አምጪ» ነው የሚሉሽ። አሟሟቱ ደግሞ ውርሱን አይነካም። ልጆቹ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ናቸው፤ ከጋራ ንብረታችሁ ግማሹ ደግሞ ድሮም ያንቺ ነው፣ ውርስ አይባልም። ማንም «እንዲህ የሞተ ሰው አይወረስም» ቢልሽ አትስሚው።

ፖሊስ ቤት መጥቶ መጠየቁ አሸማቆሻል። ራስን ማጥፋት በኛ ሕግ ወንጀል አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ለዚህ የገፋፋን ወይም የረዳን ሰው ነው፣ ፖሊስም የሚያጣራው እሱን ነው።

ወደ እድሩ እንምጣ። ደንቡን ቅጂ ጠይቂ፣ በቃል የሚነገርሽን አትቀበይ። እንዲህ ያለ ሞት አይከፈልበትም የሚል በግልጽ ከሌለ፣ ዳኛውና ጸሐፊው ለቅሶ ቤት ደጅ ላይ ቆመው አዲስ ደንብ ሊያወጡ አይችሉም፤ ባልሽ ስንት ዓመት ወርሃዊውን ሲከፍል ደረሰኝ ሲቆርጡለት የነበሩት እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ለጠቅላላ ጉባኤው በጽሑፍ አመልክቺ፤ እምቢ ካሉ ወረዳ ፍርድ ቤት አለ። ደንቡ ላይ በግልጽ ተጽፎ ከሆነ ግን ክርክሩ ይከብዳል፣ አልሸሽግሽም።

መዝገቡስ? የእድር መዝገብ ሥራው ማን አባል እንደነበር፣ መቼ እንደሞተ፣ ምን እንደተከፈለ መያዝ ነው። አሟሟቱን ለማወቅ እድሩ ምን ቤት ነው? «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» ተብሎ ይስተካከል በይ። «በድንገተኛ ሕመም» አስብለሽ እንዳታጽፊ ግን! ያዘኑ ዘመዶች ይህን አስጽፈው፣ የእድሩ ወረቀትና የፖሊሱ ወረቀት ዳኛ ፊት ሲጋጩ አይቻለሁ፤ ሐሜቱን የፈሩት ሰዎች ጭራሽ ችሎት ላይ አስነበቡት። ቀበሌም ስትሄጂ እንደዚያው ነው፣ የሆስፒታሉን ወረቀት ስጪ እንጂ ምክንያት አትፍጠሪ።

ፍታቱን በተመለከተ ፍርድ ቤት አያግዝሽም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ አይገባም። ለንስሐ አባታችሁ ግን የአእምሮ ሕመም ከነበረበት ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ የሕክምና ወረቀት ካለም አሳዪያቸው፤ አእምሮው ታሞ የነበረን ሰው አባቶች በሌላ ዓይን ያዩታል። ለልጆቹም፣ ሕግ ባይሆንም ልበል፣ ከጎረቤት ከሚሰሙ ካንቺ ይስሙ።

ሰኞ ጠዋት የጋብቻችሁን ወረቀት፣ የሁለታችሁን መታወቂያና የሆስፒታሉን ማስረጃ ይዘሽ ቀበሌ ሂጂ። ወንድሞቹ እምቢ ቢሉም አብረሽው ስትኖሪ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ የእነሱን ፈቃድ አትጠብቂ። እድሩ ጋ ስትሄጂ ግን ብቻሽን አትሂጂ።