ክረምት ሳይገባ ፈትል ማቅለም

ጥያቄ፦ እናቴ በእንዝርት የፈተሉትን ጥጥ አምና በእርድ ባቀልመው ቀለሙ ብዙ ሳይቆይ ደበዘዘ። ዘንድሮ ዝናቡ ሳይጀምር በሽንኩርት ልጣጭ ልሞክር አስቤአለሁና ምን ትመክሩኛላችሁ? (አንባቢ፣ ከጎንደር አዘዞ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ እርድ ደማቅ ቢሆንም ፀሐይ ቶሎ ስለሚያደበዝዘው ጥፋቱ የእናትዎ ፈትል አይደለም። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ይሻላል፤ ነገር ግን ጥጥ እንደ በግ ፀጉር ቀለምን በቀላሉ ስለማይቀበል አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ፈትሉን ከልቃቂቱ ፈትተው፣ እንዳይወሳሰብ በየቦታው ላላ አድርገው ካሰሩት በኋላ፣ ቅባቱ እንዲለቅ በሳሙና ውኃ ቀቅለው ያለቅልቁት፤ ከዚያም በጠቆረ የሻይ ቅጠል ውኃ ያሳድሩትና በማግስቱ ለ100 ግራም ፈትል 15 ግራም ያህል አሉም (ቀለሙ ፈትሉን አጥብቆ እንዲይዝ የሚረዳ ጨው መሰል ነጭ ማዕድን) በሙቅ ውኃ አሟሙተው ይንከሩት። የፈትሉን ክብደት የሚያህል ደረቅ ልጣጭ ለ1 ሰዓት ያህል ቀቅለው ያጥልሉ፣ ፈትሉንም በለዘብተኛ እሳት ያቆዩበት። ድስቱ ዳግመኛ ለምግብ እንዳይውል አደራ እንላለን። በጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ስለሚበረታ ማቅለሙን በግንቦት ጨርሰው በጥላ ያድርቁት፤ መፍተሉን ግን፣ ባዘቶው እርጥበት እንዳይዝ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር እያሞቁት፣ ክረምቱን ሙሉ ከእናትዎ ጋር ሊቀጥሉበት ይችላሉ።