ለሳይቴሽን ስትይ ርዕስሽን አትቀይሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በቅጠል ጭማቂ የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) ትሰሪያለሽ። ያሳተምሻቸውን ፔፐሮች የጠቀሳቸው ሰው ጥቂት ነው። አድቫይዘርሽ ደግሞ «ሞቅ ያለ ርዕስ ያዢ» ብለውሻል፤ አንቺም ልቀይር ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ናኖማቴሪያል ላይ ዓመታት ሰርቻለሁ፤ ለሳይቴሽን (በሌሎች ጽሑፍ ለመጠቀስ) ብቻ ከሆነ አትቀይሪ እልሻለሁ።

በዘርፋችን ስማቸው ከገነነው አንዱን፣ ጃፓናዊውን ሱሚዮ ኢጂማን እንይ። በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ስለ ካርበን ናኖቲዩብ (እጅግ ቀጭን የካርበን ቱቦ) ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት አጭር ጽሑፍ በአስር ሺዎች ጊዜ ተጠቅሷል። ቱቦውን ግን ቀድመው ያዩ ነበሩ። ራዱሽኬቪችና ሉክያኖቪች የተባሉ የሶቪየት ተመራማሪዎች በ1952 ውስጣቸው ክፍት የሆኑ የካርበን ክሮችን ምስል አሳትመዋል። በሩሲያኛ ስለነበር ምዕራባውያን ብዙም አላዩትም። በ1976 ደግሞ ኦበርሊን፣ ኤንዶና ኮያማ ተመሳሳይ ምስል አውጥተዋል።

ታዲያ ለምን የ1991ዱ ገነነ? ጊዜው ደርሶ ነበር። በ1985 ሲ60 የተባለው፣ 60 አቶሞች ያሉት የካርበን ሞለኪውል ተገኘ፤ በ1990 በብዛት የሚሰራበት መንገድ ታወቀ። ያኔ የኬሚስቱም የፊዚሲስቱም ዓይን ካርበን ላይ ነበር።

ይሁንና ጊዜው ብቻውን ኢጂማን አይፈጥርም። ሰውየው ከ1970 ጀምረው አሪዞና ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የአቶሞችን አደራደር ማየት ሲሰለጥኑ ነው የኖሩት። በ1980 ድርብርብ የካርበን ቅንጣቶችን ምስል አሳትመዋል። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ቅስት ከሚቃጠለው ካርበን፣ ኔጋቲቭ ጫፍ ላይ የተጋገረውን ሲመረምሩ የሚያዩት ነገር ገባቸው። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ፣ ከ2 እስከ 50 ገደማ ድርብ። ሌላ ሰው ጥላሸት ብሎ ሊጥለው ይችል ነበር። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ሞቅ ያለው ርዕስ ሲመጣ እጃቸው ላይ ሙያ ነበረ።

ሃመርስና ኦፈማን የተባሉ ኬሚስቶች ደግሞ በ1958 ስለ ግራፋይት ኦክሳይድ አሰራር ጻፉ። ለአስርተ ዓመታት ያስታወሳቸው ጥቂት ነው። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ጋይምና ኖቮሴሎቭ በ2004 ስለ ግራፊን (የአንድ አቶም ውፍረት ስላለው የካርበን ንጣፍ) ካሳተሙ በኋላ ግን ግራፊን ኦክሳይድ (ግራፋይት ኦክሳይድ ወደ ስስ ንጣፍ ሲለያይ የሚገኘውን) የሚሰራ ሁሉ ወደዚያች አጭር ጽሑፍ ተመለሰ። ለምን? አሰራሩን ተከትለሽ ስትሰሪው ይወጣልሻ!

ይሄን እኛም ላብ ውስጥ እናየዋለን። የወርቅ ናኖ ቅንጣት ስንሰራ የወርቅ ጨው ውሃ ውስጥ እናፈላለን፣ ሲትሬት (የሲትሪክ አሲድ ጨው) እንጨምራለን። ፈዛዛው ቢጫ ቀለሙን ያጣል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይረጋል። ሲትሬቱ ስንት እንደሆነ፣ እንዴት እንደተጨመረ የማይናገር ፔፐር ይዘሽ ቀዩ እስኪመጣ ብትጠብቂ ላይመጣልሽ ይችላል። ሁሉን ዘርዝሮ የጻፈውን ግን አዲስ የመጣ ተማሪ ሁሉ ይከተለዋል፤ ሲጽፍም ይጠቅሰዋል።

ያንቺም ሥራ እዚህ ላይ ነው የሚለየው። ቅጠሉ የት፣ በየትኛው ወር ተቆረጠ? ጥላ ላይ ደረቀ ወይስ ፀሐይ ላይ? ፒኤች (የአሲድነቱ መጠን) ስንት ነበር? በስንት ዲግሪ አቃጠልሽው? ያለ ቅጠሉ የተሰራ ማነጻጸሪያም አስገቢ፤ እሱ ከሌለ ቅጠሉ ምን እንደጨመረ ማንም አያውቅም። ባክቴሪያ ይገድላል የምትዪ ከሆነ ደግሞ የገደለው ቅንጣቱ ነው ወይስ ሟሙቶ የወጣው የዚንክ አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም)? እሱን ለይተሽ አሳዪ። የቅንጣቱን መጠንም በኤክስሬይ ዲፍራክሽንና (ኤክስሬይ ናሙናው ላይ ሲበተን በሚታየው) ከዚያ መጠን በሚያሰላው የሼረር ቀመር ብቻ አትደምድሚ። ሼረር የሚሰጥሽ የክሪስታሉን መጠን እንጂ የቅንጣቱን አይደለም። ዩኒቨርሲቲሽ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከሌለው ናሙናሽን የሚያይልሽ ተባባሪ ፈልጊ።

ለፒኤችዲ አድቫይዘር ስመርጥ ኤች-ኢንዴክስ ልይ ወይ ላልሽው፣ እይው፣ ግን እሱ ላይ አትቁሚ። ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ2005 ያመጣው መለኪያ ነው፤ 20 ከሆነ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉ ማለት ነው። በዕድሜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጎግል ስኮላር ላይ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስኮፐስ በተባለው የጽሑፎች መዝገብ ካለው ይበልጣል፤ ሁለት ሰው ስታወዳድሪ ከአንድ ቦታ ውሰጂ። ይልቅ ተማሪዎቻቸው በመጀመሪያ ደራሲነት ያሳትማሉ ወይ? ስንቱ ሳይቴሽን ራሳቸውን የጠቀሱት ነው? የቀድሞ ተማሪዎቻቸውንም በኢሜይል አግኚያቸውና ማሽን ላይ ለመቀመጥ ስንት ወር ወረፋ እንደሚጠበቅ ጠይቂያቸው።