«መሐል ሰፋሪ» የሚሉኝ ሰው ለምክር ቤት ልወዳደር?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ የሳቢያን ነዋሪና ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን፣ የዕድራችን አባላትና የቀድሞ ተማሪዎቼ ለከተማዋ ምክር ቤት እንድወዳደር ይወተውቱኛል። ወዳጆቼ ግን በየትኛውም ጎራ ስለማልሰለፍ «መሐል ሰፋሪ» እያሉ፣ እንዲህ ያለ ሰው በፖለቲካ ሩቅ አይሄድም ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የወዳጆችዎ ስጋት መሠረት አለው። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ቢሆንም፣ ሥልጣኗ ለዓመታት የተደለደለው ለኦሮሞና ለሶማሌ 40፣ 40 በመቶ፣ ለቀሪው ነዋሪ 20 በመቶ በሚል የፖለቲካ ስምምነት ነው። ወንበር በድርሻ በሚታደልበት ከተማ ከየትኛውም ድርሻ ያልተቆጠረ ሰው ከንቲባ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው፤ የሚሹት ሹመት ከሆነ፣ በግልጽ ለመናገር፣ ጡረታዎን በሰላም ቢበሉ ይሻላል።

ምክር ቤቱ ግን በጀት ያጸድቃል፣ የአስፈጻሚውን ሪፖርት ሰምቶ ይጠይቃል፤ ለዘብተኛ ሰው የሚፈለገውም እዚያ ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ነገር ያስቡ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ የተነሣው ከአስተዳደሩ ወሰን ውጭ፣ ከሐረርጌ ደጋ ላይ ከጣለው ዝናብ ነበር። ከዚራና መጋላ የተባሉትን የከተማዋን ሰፈሮች በሚለየው በዚህ አሸዋማ ወንዝ ዳር የሚገነባውን የመከላከያ ግንብ የድሬዳዋ በጀት ሊሸፍነው ይችል ይሆናል፤ በተራራው ላይ እርከን የሚሠራውና ችግኝ የሚተክለው ግን የጎረቤት ወረዳ ገበሬ ስለሆነ፣ ከኦሮሚያ ባለሥልጣናት ጋር ደጋግሞ የሚቀመጥ፣ እዚያ የተናገረውን እዚህ የማይለውጥ እንደራሴ ያስፈልጋል። ይህ ዓይነቱ ሥራ ጭብጨባ የለውም፤ ጎርፍ ባልመጣበት ክረምት የሚያስታውሰው መራጭም ጥቂት ነው።

የለዘብተኛ ሰው ትልቁ አደጋ ዝምታው እንደ ድጋፍ መቆጠሩ ነው። ስለዚህ በማይስማሙበት ውሳኔ ላይ ሐሳብዎ በልዩነት በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ ይጠይቁ፤ ምክንያቱንም ለመራጭዎ ይንገሩ። የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም፣ አቤቱታን በኦሮምኛና በሶማሊኛ ያለ አስተርጓሚ መስማት ከቻሉ ብዙ በር ይከፈትልዎታል።

በግል ከተወዳደሩ የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ ስለሚጠበቅብዎ፣ መስፈርቱን አስቀድመው ከምርጫ ቦርድ ይረዱ። በፓርቲ በኩል ከሆነ ደግሞ ከድርጅቱ አቋም የተለየ ድምፅ የሰጠ አባል ምን እንደሚገጥመው፣ የአባልነት ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።