«ረዘም ያለ» ሰው ስንት ሜትር ነው?

ጥያቄ፦ ለጠፋ ሰው ማስታወቂያ ስናዘጋጅ «ረዘም ያለ፣ ጠይም» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «‹ረዘም ያለ› መረጃ አይሰጥም፤ ወይ ‹ረጅም› በል ወይ ተወው» አለኝ። እውነት መረጃ የለውም?

መልስ፦ አለው። መለካትም ይቻላል።

ባኩ (አዘርባጃን) ተወልደው አሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ምሁር ሎትፊ ዛዴህ እ.ኤ.አ. በ1965 «ፈዚ ስብስብ» የሚባለውን ሐሳብ አቀረቡ። በተለመደው ሒሳብ አንድ ነገር የስብስቡ አባል ነው ወይም አይደለም። በእሳቸው ግን አባልነቱ ከ0 እስከ 1 ደረጃ አለው።

ለወንድ 1 ሜትር ከ60ን 0፣ 1 ሜትር ከ80ንና ከዚያ በላይ ያለውን 1 እንበል። ግምቱ የእኔ ነው፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል። 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ለ«ረጅም» 0.5 ይደርሰዋል። ዛዴህ «በጣም»ን የገለጹት ቁጥሩን በራሱ በማባዛት ነው፤ ስለዚህ «በጣም ረጅም» 0.25 ይሆናል። እንደ «ይብዛም ይነስም» ቃሉን ለሚያላሉ አባባሎች ደግሞ የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ወሰዱ፤ 0.71 ገደማ ይመጣል።

«ረዘም ያለ»ን ግን በዚህ ስሌት ማስገባት አልስማማበትም። በስኩዌር ሩቱ ከሄድን 1 ሜትር ከ95 የሆነ ሰው «ረዘም ያለ» ለመባል ሙሉ 1 ያገኛል። ጆሮዎ ይቀበለዋል? እንዲህ ያለ ሰው ረጅም ነው፤ ቀጠን ካለም መለሎ ይባላል። «ረዘም ያለ» ግን አይባልም። «ወፈር ያለ»ም፣ «ጠቆር ያለ»ም እንዲሁ ናቸው፤ ከታችም ከላይም ይገድባሉ። «ረጅም» የሚገድበው ከታች ብቻ ነው። ማስታወቂያዎን ያነበበ ሰው አጭሩንም በጣም ረጅሙንም ትቶ መሀል ላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የእርስዎ ቃል እንዲያውም የበለጠ ይነግረዋል።

ሌላም ነገር አለ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 መረጃን የለኩት የትኛው መልእክት እንደሚመጣ ካለማወቃችን አንጻር ነው። የቃል ብዥታ ግን ሜትር ይዘን ከለካን በኋላም አይጠፋም። ሰውየው 1 ሜትር ከ70 መሆኑን አውቀንም «ረጅም ነው፣ አይደለም» እያልን እንከራከራለን። ጣሊያናውያኑ ዴ ሉካና ተርሚኒ እ.ኤ.አ. በ1972 መለኪያ ያበጁለት ለዚህ ብዥታ ነው። አባልነቱ 0 ወይም 1 ሲሆን ብዥታ የለም፤ 0.5 ላይ ትልቁ፣ 1 ቢት (የመረጃ መለኪያ አሃድ) ይሆናል። ለዚሁ ሰው «በጣም ረጅም» ብንል ወደ 0.81 ይወርዳል፤ መልሱ «አይደለም» ወደሚለው ስላደላ።

ስለዚህ «ረዘም ያለ»ን አይሰርዙት። ቁመቱን በሴንቲሜትር የሚያውቅ ቤተሰብ ካለ ቁጥሩንም ከጎኑ ያስገቡት።