የምርምር ጽሑፍን ለጆርናል ማዘጋጀት፦ ከጎጃም አንባቢዎቻችን ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ጥያቄዎች በጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች የሚገኙ መምህራንና ተመራማሪዎች ያጠናቀቁትን ጥናት በምርምር መጽሔት ለማሳተም ሲነሡ ያጋጠሟቸውን ችግሮች የሚመለከቱ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ በማቻከል ወረዳ አሲዳማ መሬት ላይ የተጨመረ ኖራ በስንዴ ምርት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የሚመረምር ነው። ከመቶ ገጽ በላይ የነበረውን ወደ ሠላሳ ገጽ አሳጥሬ ለአንድ የውጭ ጆርናል ብልክም፣ ለገምጋሚ እንኳ ሳይቀርብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመለሰልኝ። ባልደረቦቼ እንግሊዝኛውን ለባለሙያ ከፍዬ እንዳሳርም ይመክሩኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ገንዘብዎን ለጊዜው ይያዙት። ገምጋሚ ሳያየው ከአርታኢው እጅ የሚመለስ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው የጆርናሉ የትኩረት መስክ ስላልሆነ፣ አለዚያም አርታኢው አጠቃሎውን (በጽሑፉ መጀመሪያ የሚቀመጠውን አጭር መግለጫ) እና መግቢያውን አንብቦ አዲስ የተገኘው ነገር ምን እንደሆነ ስላልታየው ነው። ቋንቋ የራሱ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ያልለየ ጽሑፍ ሰዋስዉ ስለታረመ አይቃናም።

ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ያደረጉት ማሳጠር ነው። መመረቂያ ጽሑፍና የጆርናል ጽሑፍ ግን የሚለያዩት በርዝመት ብቻ ሳይሆን በአንባቢም ነው። መመረቂያ ጽሑፍ ተማሪው መስኩን ማወቁን ለፈታኞች የሚያስመሰክርበት በመሆኑ ከአፈር አሲዳማነት ትርጉም ጀምሮ እስከ ስንዴ ታሪክ ድረስ ሁሉን ይዘረዝራል። የጆርናሉ አንባቢ ግን የአፈር ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር እንደሚጎዳ፣ ፎስፈረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ለተክሉ እንደማይደርስ፣ ኖራም ይህን እንደሚያሻሽል ቀድሞ ያውቃል። «ኖራ ምርት ይጨምራል» የሚለው መደምደሚያ ብቻውን ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሚሆነው በማቻከል አፈር ላይ የትኛው የኖራ መጠን ከየትኛው የማዳበሪያ መጠን ጋር ሲጣመር የተሻለ ውጤት እንደሰጠ፣ ከየትኛው መጠን በኋላ ጭማሪው እንደቀዘቀዘ፣ ወይም የተገኘው ተጨማሪ ምርት ኖራውን ገዝቶ እስከ ማሳ ለማጓጓዝ የሚወጣውን ወጪ ይሸፍን እንደሆነ ማሳየትዎ ነው።

ስለዚህ እንደገና መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን ያስፍሩ፤ አንደኛው ጥናቱ የመለሰውን ጥያቄ፣ ሁለተኛው መልሱን ከነቁጥሩ የያዘ ይሁን። እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች በአማርኛ እንዲጽፏቸው አጥብቄ እመክራለሁ፤ በምናስብበት ቋንቋ ስንጽፍ ያልጠራው ሐሳብ ወዲያው ይታወቃልና። ከዚያ በኋላ በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሠንጠረዥና አንቀጽ ከሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች ጋር እያስተያዩ የማያገለግለውን ይተዉት። ብዙ ተማሪዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ በፀሐይና በዝናብ የሰበሰቡትን መረጃ መተው ይከብዳቸዋል። የተረፈው መረጃ የራሱ የሆነ የተለየ ጥያቄ የሚመልስ ከሆነ ሌላ ጽሑፍ ሊወጣው ይችላል፤ አንዱን ሙከራ የጽሑፍ ቁጥር ለማብዛት ብቻ መቆራረጥ ግን በሙያው ሥነ ምግባር የተነቀፈ ነው።

ሲጽፉ በገጹ ቅደም ተከተል መሄድ የለብዎትም። መጀመሪያ ሠንጠረዦቹንና ሥዕሎቹን ያስተካክሉ፣ ቀጥሎ የአጠናን ዘዴውን፣ ከዚያ ውጤቱን፣ ከዚያም የውጤቱን ማብራሪያ ይጻፉ፤ መግቢያው ከእነዚህ በኋላ፣ አጠቃሎው ደግሞ በመጨረሻ ይምጣ። በዘዴው ክፍል ላይ እንዲዘገዩ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ማቻከልን አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን ክፍል ብቻ አንብቦ ሙከራውን መድገም መቻል አለበት። የቦታው መገኛና ከፍታ፣ ከሙከራው በፊት የተለካው የአፈር ፒኤች፣ ናሙናው የተወሰደበት ጥልቀት፣ የመደቦቹ ስፋትና የድግግሞሻቸው ብዛት፣ የስንዴው ዝርያ፣ የማዳበሪያው ዓይነትና መጠን ሁሉ ይጠቀስ። በተለይ የኖራው ጥራት፣ ማለትም የድቀቱ መጠንና አሲድን የማርገብ አቅሙ፣ እንዲሁም ከመዝራት ስንት ጊዜ ቀድሞ ከአፈሩ ጋር እንደተቀላቀለ ካልተገለጸ፣ «በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል» የሚለው ቁጥር ለሌላ ተመራማሪ ብዙም አይጠቅመውም።

በውጤቱ ክፍል «ልዩነቱ ጉልህ ነው» ብለው አይለፉት፤ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ከነስሕተት ወሰኑ ያስቀምጡ። በማብራሪያው ክፍል ደግሞ እነዚያኑ ቁጥሮች መድገም ትተው ለምን እንደዚያ እንደሆነ፣ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሳሰሉ ተቋማት በአካባቢው ካካሄዷቸው ሥራዎች ጋር በምን እንደሚስማማና በምን እንደሚለይ ያስረዱ። በመመረቂያ ጽሑፍ መጨረሻ ለግብርና ቢሮና ለአርሶ አደሩ የሚቀርበው ረጅም የይሁንታ ሐሳብ በጆርናል ቦታ የለውም። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ የመኸር ወቅት የተገኘ ውጤት ለመላው ምሥራቅ ጎጃም ምክር አይሆንም፤ ይህን ውስንነት ራስዎ ቀድመው ቢጽፉት ገምጋሚው ያምንዎታል።

ጆርናል ሲመርጡ በጽሑፍዎ አብዝተው የጠቀሷቸው ጥናቶች የታተሙት የት እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከመረጡትም ውስጥ በቅርቡ የወጡ ጥቂት ጽሑፎችን ያንብቡ። የሀገር ውስጡንም አይናቁት፤ ለምሳሌ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ጆርናልን ያሳትማል። ከዚያ የጸሐፊዎች መመሪያውን ቃል በቃል ይከተሉ፤ የዋቢ አጻጻፉን እንደ ዞተሮ ያለ ነጻ ሶፍትዌር ያቀናልዎታል። በሸኚ ደብዳቤዎ ላይ እነዚያን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ያስገቡና ለአንድ ጆርናል ብቻ ይላኩ። መልሱ ሳይመጣ ለሌላ መላክ ክልክል ነው።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ አማካሪዬ በምናሳትመው ጽሑፍ ላይ ስማቸው ከእኔ እንዲቀድም እንደሚፈልጉ ነግረውኛል። የላቦራቶሪው ኃላፊም ስማቸው እንዲገባ ጠይቀዋል። መረጃ በመሰብሰብ የደከሙልኝ የልማት ሠራተኞችም አሉ። ታላላቆቼን መቃወም ነውር ስለሚሆንብኝ ጽሑፉን ሳልልከው ተቀምጬአለሁ።

መልስ፦ አክብሮትዎንም ሥራዎንም ሳያጡ ይህን መፍታት ይቻላል። የሕክምና ጆርናሎች አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣውን መስፈርት ከሕክምና ውጭ ያሉ ብዙ ጆርናሎችም ይጠቀሙበታል። በዚህ መስፈርት ጸሐፊ የሚባለው አራቱን ሁሉ ያሟላ ነው፦ በጥናቱ ንድፍ፣ በመረጃው አሰባሰብ ወይም ትንተና ጉልህ አስተዋጽኦ ያደረገ፣ ጽሑፉን በመጻፍ ወይም በይዘቱ ላይ ጠንከር ያለ እርማት በማድረግ የተሳተፈ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀ፣ ለሥራውም ተጠያቂ ለመሆን የተስማማ። ጥናቱን ከእርስዎ ጋር የነደፉና ረቂቁን ያረሙ አማካሪ ይህን ያሟላሉ፤ በልማድም ብዙውን ጊዜ ስማቸው በመጨረሻ ወይም በሁለተኛነት ይሰፍራል። ከመመረቂያ ጽሑፍ በወጣ ሥራ ላይ የመጀመሪያው ስፍራ የሚገባው ሥራውን ለሠራውና ለጻፈው፣ ማለትም ለእርስዎ ነው፤ በዚህ ላይ አስተያየቴን ለስለስ ማድረግ አልፈልግም። የላቦራቶሪው ኃላፊ መሣሪያ ከመፍቀድ ያለፈ ነገር ካላደረጉ፣ የልማት ሠራተኞቹም ድርሻቸው መረጃ መሰብሰብ ብቻ ከሆነ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው በምስጋናው ክፍል ስማቸውን በክብር ይጥቀሱ።

ነገሩን ፊት ለፊት ማንሣት ከከበደዎ፣ ብዙ ጆርናሎች «ማን ምን ሠራ» ብለው የሚያስሞሉትን ቅጽ በረቂቁ ላይ አያይዘው «መምህር፣ ይህን ቅጽ አብረን እንድንሞላው ፈልጌ ነው» ብለው ይቅረቡ። ቅጹ ለእያንዳንዱ ሰው የሠራውን እንዲጽፍ ስለሚጠይቅ ውይይቱ ከማዕረግ ወደ ሥራ ይመለሳል። ቀጣይ ጥናት ሲጀምሩ ግን ይህን ስምምነት መረጃ ከመሰብሰብዎ በፊት በጽሑፍ ያድርጉት።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ የጆርናሉ ማስገቢያ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቀኛል፤ እኔ ያለኝ የራሴ፣ የአባቴና የአያቴ ስም ነው። እንዲሁም በጽሑፌ የተጠቀምኩባቸውን የኢትዮጵያ ዘመንና የአካባቢ መለኪያዎች እንዴት ላቅርባቸው?

መልስ፦ ስምዎን በተመለከተ ዋናው ነገር አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው በእርሱ መጽናት ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በቤተሰብ ስም ቦታ የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ያስገባል፤ ሁለቱም ያስኬዳል፤ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ማስገባት ግን ሥራዎችዎ የሁለት ሰዎች መስለው እንዲበታተኑ ያደርጋል። የአባትዎ ስም እንደ ገብረ ማርያም ወይም ወልደ ሥላሴ ያለ ጥምር ስም ከሆነ በላቲን ፊደል ሲጽፉት አያይዘው ይጻፉት፤ ለያይተው ከጻፉት ኮምፒውተሩ «ማርያም» የሚለውን ብቻ የቤተሰብ ስም አድርጎ ይመዘግበዋል። ከዚህም በላይ ኦርኪድ የተባለውን 16 አኃዝ ያለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር በነጻ ያውጡ፤ የስም አጻጻፍ ቢለያይም ሥራዎችዎን አንድ ላይ ያቆይልዎታል።

ዘመኑ ከስሙ ይልቅ የከፋ ጉዳት ያመጣል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ተዘርቶ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የታጨደ ስንዴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሐምሌ እስከ ኅዳር 2022 ያለ አንድ ወቅት ነው። ሳይቀየር «2014/15» ተብሎ ከቀረበ የውጭ አንባቢ መረጃውን በስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ በሁለቱም ላይ በደፈናው ስምንት ከተደመረ ደግሞ 2022 እና 2023 ይሆንና ያንድ ወቅት ሙከራ የሁለት ዓመት ይመስላል። ከመስከረም መባቻ እስከ አውሮፓውያን ዓመት ማብቂያ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት መደመር እንዳለበት ያስታውሱ። በአማርኛ የታተሙ ዋቢዎችም ሲጠቀሱ የትኛው ዘመን እንደሆነ ይገለጽ።

መለኪያን በሚመለከት ኩንታል 100 ኪሎ ግራም በመሆኑ አያስቸግርም። ጥማድና ቃዳ ግን በአብዛኛው እንደ ሩብ ሄክታር ቢታሰቡም ከቦታ ቦታ ይለያያሉ፤ ስለዚህ አርሶ አደሩ የነገረዎትን ቁጥር ብቻ ከመቀየር ይልቅ ጥቂት ማሳዎችን ለክተው ያገኙትን ማስተያያ በዘዴው ክፍል ይጻፉ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ጽሑፌን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገምግሞ ለማተም ቃል የገባ፣ ክፍያ የሚጠይቅ ጆርናል በኢሜይል ጋብዞኛል። ልላክለት?

መልስ፦ አይላኩ። በሳምንት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ገምጋሚዎችን አግኝቶ፣ አስተያየታቸውን ተቀብሎ፣ ጽሑፉን አሳርሞ ማተም በተግባር የሚሆን አይደለም። ሳያውቁት የመጣ ጥሪ ሲደርስዎ ጆርናሉ በ1998 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን ወይም በ2003 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው ለአንባቢ በነጻ የሚከፈቱ ጆርናሎች ማውጫ (DOAJ) ውስጥ መኖሩን፣ የሀገር ውስጥ ከሆነም የትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጠው መሆኑን ይመርምሩ። በአርታኢነት ከተዘረዘሩት ለአንዱ በሥራ አድራሻው ጽፎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ክፍያ የሚጠይቁ እውነተኛ ጆርናሎች እንዳሉ አይካድም፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ አነስተኛ ገቢ ካላቸው ሀገሮች ለሚልኩ ጸሐፊዎች ክፍያውን ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ጥያቄው ግን ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሳይሆን ሲላክ መቅረብ አለበት።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ በዋሸራ ከአንድ የኔታ የሰበሰብኳቸውን ቅኔዎች የሚተነትን ጽሑፍ በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ። የሚቀበለኝ ጆርናል አለ? ቅኔዎቹንስ እንዴት ላስፍራቸው?

መልስ፦ አለ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል የአማርኛ ጽሑፎችንም ያወጣል። የግዕዙን ንባብ ሙሉ በሙሉ ያስፍሩ፤ ጉባኤ ቃናም ይሁን መወድስ ዓይነቱን ይጥቀሱ፤ ቤቱ እንዳይጎድል የጻፉትን ለየኔታ መልሰው ያንብቡላቸው። ከዚያ ትርጉሙን፣ ቀጥሎም ሰሙንና ወርቁን ይግለጹ። የኔታ የነገሩዎትን ፍችና የእርስዎን ትንታኔ ግን በግልጽ ይለያዩ፤ ገምጋሚው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ይህን ነው። የቃል መረጃው የተሰጠበትን ቦታና ቀን፣ ስማቸው እንዲጠቀስ መፍቀዳቸውንም ይመዝግቡ፤ ባለቤቱ ያልታወቀውን ቅኔ «ባለቤቱ ያልታወቀ» ይበሉት እንጂ ለነገረዎ ሰው አይስጡት። ጽሑፉን ሲልኩ በዩኒኮድ፣ ማለትም በየኮምፒውተሩ በሚሠራው የጋራ የፊደል አሠራር፣ የተጻፈ መሆኑን አረጋግጠው የፒዲኤፍ ቅጂም አያይዙ፤ በአሮጌ ሶፍትዌር የተጻፈ ግዕዝ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ ይበላሻል፤ አርታኢውም የተበላሸውን ከትክክለኛው የሚለይበት መንገድ አይኖረውም።