የቦርከናን ውሃ ጠልፎ ስለመካፈል፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስለ ወንዝ ጠለፋ፣ ማለትም የወንዝ ውሃን ገድቦ በቦይ ወደ ማሳ ስለመሳብ፣ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። የወሎው ወንዛችን ቦርከና ከኩታበር በኩል ተነስቶ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ በሐርቡና በጨፋ ረግረጋማ የግጦሽ ሜዳ በኩል ወርዶ አዋሽ እንደሚገባ ለእናንተ መንገር የለብኝም። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ የበጋውን ውሃ ሳትለኩ ቦይ አትቆፍሩ።

ከቃሉ ወረዳ፦ ጋሼ፣ የድሮው ጠለፋችን ድንጋይና ቅርንጫፍ ነበር። አሁን በሲሚንቶ ተሠራልን። ከዚያ ወዲህ ከታችኛው ቀበሌ ጋር ሰላም የለንም። ለምን?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። የድንጋዩ ጠለፋ ያፈስሳል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ይወስደዋል፣ መስከረም ላይ በደቦ ትጠግኑታላችሁ። እናንተ ድካሙን ነው የምታስታውሱት። የታችኛው ሰው ግን የሚጠጣው ያንን በድንጋዩ መሐል የሚሾልከውን ውሃ ነበር። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልፈረመበትም፣ ግን ድርሻው እሱ ነበር። ሲሚንቶው ሾልኮ የሚያልፈውን ዘጋ። እናንተ የራሳችሁን ቦይ አሻሻላችሁ፣ ለእነሱ ግን ወንዙ ደረቀባቸው። ጠብ የመጣው ከክፋት አይደለም።

መፍትሔው ግንቡን ማፍረስ አይደለም። በግንቡ ግርጌ ቁልፍ የሌለው፣ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ማሳለፊያ ይተው። መጠኑን ሁለቱ ቀበሌዎች አንድ ላይ ቆመው፣ የካቲት ላይ፣ ውሃው ሲያንስ ይወስኑት። በመስከረም ውሃ የተዋዋለ ሰው ሚያዝያ ላይ ይጣላል።

ከሐርቡ፦ መለካት መለካት ትላለህ። እኛ መሣሪያ የለንም።

መልስ፦ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀጥ ያለ ቦይ ፈልግና 10 ሜትር ለካ። ደረቅ እንጨት ጣልበትና ሰዓት ያዝ። 20 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ነው። ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ውሃው 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ ስታባዛው በሰከንድ 60 ሊትር ይሆናል። ከላይ ያለው ውሃ ከሥር ካለው ስለሚፈጥን አንድ አምስተኛውን ቀንስ። 48 ሊትር ቀረ። በጋ ላይ ለአንድ ሄክታር በሰከንድ 1 ሊትር ሌት ተቀን ያስፈልጋል ብለህ ያዝ። ስለዚህ 48 ሊትሩ 48 ሄክታር ያጠጣል። ሄክታር አራት ጥማድ ነው። ሌሊት ውሃውን ትተህ የምትተኛ ከሆነ 48 ሄክታሩ 24 ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ኮሚቴ ስንት ሰው መመዝገብ እንዳለበት አይጠፋውም።

ከደሴ፦ የውሃ መሳቢያ ሞተር ልገዛ ነው። ስንት ኢንች ይሻለኛል?

መልስ፦ የትኛው ወንዝ? ስንት ጥማድ? ከውሃው እስከ ማሳህ ከፍታው ስንት ነው? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

ከከሚሴ፦ ላይኞቹ ሞተር በሞተር ሆነዋል። ሽንኩርት ያጠጣሉ። የኛ ከብት ጭቃ ይልሳል። ጨፋ ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም፣ በበጋ አፋሩም አርጎባውም ከብቱን ይዞ ይመጣል።

ከቃሉ፦ ዝናቡ የሚዘንበው በኛ ተራራ ላይ ነው። እርከኑን የሠራነው እኛ ነን። በገዛ ውሃችን ሽንኩርት ማልማት ወንጀል ሆነ?

ከከሚሴ፦ ወንዝ የገዛ አለው እንዴ? አያቶቻችን በዚህ ውሃ አብረው ነው የኖሩት።

ከቃሉ፦ አያቶቻችን ጊዜ ይህ ሁሉ ሕዝብ አልነበረም!

መልስ፦ ቆይ፣ ቆይ። ሁለታችሁም ስሙኝ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ስለዚህ «የገዛ ውሃችን» የሚለው አያስኬድም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ ቅድሚያውን ለቤት ፍጆታ ይሰጣል። እንስራ የያዘች ሴት ከሽንኩርትህ ትቀድማለች። የእርከኑ ነገር ግን እውነት ነው። የላይኛው ሰው ተዳፋቱን ባይጠብቅ ምንጩም አይጎለብትም፣ ይህ ድካም በድርድሩ ሊቆጠርለት ይገባል። ተራ አውጡ፦ ቀን ለላይ፣ ሌሊት ለታች፣ ወይም በሳምንት ቀናት ተከፋፈሉ። ሞተሮቹም እንደ ቦዩ ሁሉ ተራ ይግቡ። በየአካባቢያችን የውሃ አባት ይመረጥ የነበረው ለዚሁ ነው። ሞተር የገዛ ሰው ግን ከወንዙ በቀጥታ ስለሚስብ የውሃ አባቱን ትእዛዝ ከጉዳይ አይቆጥርም። ዛሬ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ በዚያው በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ለባህላዊ መስኖ፣ በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድና ለውሃ ወፍጮ አያስፈልግም። ከዚያ ለሚበልጥ ሥራ ቢሮ ጠይቁ።

ከባቲ፦ ውሃው አፋር ከገባ በኋላ ጉዳዩን ማን ያየዋል?

መልስ፦ ፌዴራል። አንቀጽ 51 ክልሎችን የሚያስተሳስሩ ውሃዎችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ላይ የቀነስከው ከታች በሌላ ወንዝ አይተካም።

ከደሴ፦ ስለ አባይና ግብጽስ ምን ትላለህ?

መልስ፦ የዛሬው ርዕስ አይደለም። ይህን ብቻ ልበል፦ ከኩታበር ወዲያ ያለው ውሃ በበሽሎ በኩል አባይ ይገባል፣ ወዲህ ያለው አዋሽ። አባይ ላይ ፍትሐዊ ድርሻ ይገባናል ብለን የምንከራከር ሰዎች ቦርከና ላይ ለታችኛው ጎረቤታችን ያንኑ መንፈግ የለብንም።

ከኮምቦልቻ፦ ውሃው ቢለቀቅስ ቀለሙን አይታችኋል? አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን ከለቀቀ በኋላ ከብት አፉን አስጠግቶ ይመለሳል።

መልስ፦ አይቻለሁ። የቆሸሸ ውሃ መልቀቅ ድርሻ መስጠት አይደለም። የቆዳ ሥራ ክሮሚየም የሚባል ኬሚካል ይጠቀማል፣ ይህ ሳይጣራ ከወረደ ማጠጫ ቦይ ይገባል። በወንዙ ላይ ስምምነት የምትጽፉ ሁሉ ስለ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ስለ ጥራቱም ጻፉ። ናሙና የሚወሰድበትን ቦታና ወር ጨምሩበት።

ከሐርቡ፦ ጋሼ፣ ለጠለፋ የትኛው ወር ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። በበጋ ለኩ። እባካችሁ ያለፈውን አንብባችሁ ጠይቁ።

ከቃሉ፦ ሰው ተጎድቶ ነገሩ ከከረረስ? ፍርድ ቤት ወይስ ሽማግሌ?

መልስ፦ ደም ካለ የፖሊስ ጉዳይ ነው፣ እሱን አትሸፍኑ። ቂሙን ለማብረድ ግን ወሎ አበጋር የሚባሉ ባህላዊ አስታራቂዎች አሉት፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይሰማቸዋል። ከዕርቁ ማግስት የውሃውን ተራ በወረቀት አስፍሩ። በ2006 የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ማኅበር ሆናችሁ እንድትመዘገቡ መንገድ ከፍቷል። ከታችኛው ቀበሌ ሁለት ሰው በኮሚቴው ውስጥ ይግቡ፣ አንዷ ውሃ ቀጂ ሴት ትሁን። የካቲት ላይ የለካችሁትን ቁጥርም ከስምምነቱ ጋር አያይዙት።