መልስ፦ ከጎንደር ወደ መርከብ፣ ለሞተር ክፍል ካዴት (ሠልጣኝ መሐንዲስ)

«በሜካኒካል ተመርቄ ጎንደር ነኝ፣ ካዴት ሆኜ መርከብ ከመውጣቴ በፊት ምን ልዘጋጅ?» ላልኸው ወንድሜ፦

መጀመሪያ ሰዓቱን ልመድ። መርከብ ላይ 04:00 ማለት የኛ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። በተለመደው ፈረቃ 4 ሰዓት ሠርተህ 8 ሰዓት ታርፋለህ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ከ04:00 እስከ 08:00 ከደረሰህ፣ ከ16:00 እስከ 20:00ም ያንተ ነው። ሩብ ሰዓት ቀድመህ ውረድና ክፍሉን ዙር፤ የዘይት ግፊት፣ የማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት፣ ወለል ሥር የተጠራቀመ ውሃ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ። የአንዱ ሲሊንደር ጭስ ከሌሎቹ ተለይቶ ከሞቀ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የነዳጅ መርጫው ወይም የጭስ ቫልቩ ነው። ሳትነካካ ወዲያው ለተረኛው መሐንዲስ ንገር፤ ይህን በፍጹም እንዳትዘነጋ።

ማቅለሽለሹ የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ነው። ባዶ ሆድ ያባብሰዋል፤ ዳቦ ቆሎ ቋጥረህ ሂድ፣ በጣም ይረዳል። የማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒን የሚዋጠው ማስመለስ ሳይጀምር ነው።

ዋና ካልቻልህ ዛሬውኑ ጀምር፤ ግን ጎርጎራ ወርደህ ጣና ላይ አይሁን፣ ቢልሃርዚያ (ከውሃ በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ) አለበት። ገንዳ ፈልግ።

የሥልጠና መዝገብህን ደግሞ ሥራው በተሠራበት ቀን አስፈርም። መሐንዲሱ ኮንትራቱን ጨርሶ ከወረደ በኋላ ፊርማ ማግኘት ጭንቅ ነው።